የአበልጅ ምክር

ጂንካ፣ ገበያው ዳር ያለ መጋዘን በር ላይ፤ ገበሬዋ ዝማምነሽ ስምንት ኩንታል ቦሎቄ በጋሪ አስጭና መጥታ፣ ነጋዴው አበልጇ ደርቤ በሩን ዘግቶ ቆሟል።

ደርቤ፦ አታውርጂ አልኩሽ። ጋሪውን አዙሪው።

ዝማምነሽ፦ ወዴት ላዙረው? ዝሪ ያልከኝ አንተ፣ ዘሩንም ያመጣህልኝ አንተ።

ደርቤ፦ ያኔ ኬንያዎቹ ከቦሎቄ በቀር ሌላ አይሉም ነበር።

ዝማምነሽ፦ ዘንድሮስ?

ደርቤ፦ ዘንድሮ ከኡጋንዳም ከታንዛኒያም በርካሽ ይገባላቸዋል። የድንበሩ ቀረጥ የተነሳው ላንቺ ብቻ መሰለሽ እንዴ?

ዝማምነሽ፦ እሱን ያኔ አልነገርከኝም። «ድንበሩ ተከፍቷል፤ ማር፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ እያልሽ ከምትበታተኚ አንዱን አጥብቀሽ ያዢ» ነው ያልከኝ። የእናቴን ኮረሪማ ከነሥሩ ነቀልኩት። ጥላ ዛፉን ሳይቀር ቆረጥኩት።

ደርቤ፦ እኔ መጥረቢያ አቀበልኩሽ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው አንቺ ነሽ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ አታላክኪ።

ዝማምነሽ፦ ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው ክፉ ይመክረኛል ብዬ በምን ልጠርጥር?

ደርቤ፦ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ? ሰፈሩ በሙሉ ነቅሏል።

ዝማምነሽ፦ ሰፈሩን የሰበሰብከውም አንተው ነህ። ይሁን፣ አልከራከርህም። በፈለግከው ዋጋ ውሰድልኝ። ነቀዝ ጀምሮታል፤ ይህ ካልተሸጠ እስከ ክረምት ልጆቼን የማበላው የለኝም።

ደርቤ፦ ነቀዝ ልቀልብልሽ? መጋዘኑ ደግሞ ሞልቷል።

ዝማምነሽ፦ የማንንም ቦሎቄ አልገዛህ፣ በምን ሞላ?

ደርቤ፦ በኮረሪማ። ሞያሌ ያሉት ደንበኞቼ ዘንድሮ የሚጠይቁኝ እሱን ብቻ ነው።

ዝማምነሽ፦ ኮረሪማ ከየት አመጣህ? በዚህ አገር ማን ጋ ቀረ?

ደርቤ፦ እኔ ጋ።

ዝማምነሽ፦ ንቀሉ ስትለን የራስህን አልነቀልክም?

ደርቤ፦ አበልጄ፣ በየጓሮው ያለ ነገር ዋጋ ያወጣል እንዴ?

ዝማምነሽ፦ እግዜር ይይልህ። አሁን ልትከል ብል እንኳ እስኪያፈራ ሦስት አራት ዓመት ነው። እስከዚያ ምን ልሁን?

ደርቤ፦ እሱን አስቤልሻለሁ። የኮረሪማ ለቃሚ እፈልጋለሁ፤ ከሁሉ አንቺ ታውቂበታለሽ። ነገ ጠዋት ነይ፣ ልጆቹንም ይዘሻቸው ነይ።