አራቱን ክሮች ያላላው

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው የሟቹ አባት ነው። የሚያነቡት ታናሽ አጎታቸው ሲሆኑ፣ አንዲት ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ መሐል ላይም ለማጽናናት ብለው ሳያቆሙ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡ አደራ ተብለዋል። ስለ ሟቹ ላለፉት አሥራ ሰባት ዓመታት ሲነገርና ሲሳቅበት የኖረ አንድ ነገር አለ፤ ነገሩ እውነት ስላልሆነ አፈር ከመቅመሳቸው በፊት መቃናት አለበት። እዚህ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ግንዱ በሚለው ስማቸው ነውና እኛም በዚሁ እንጠራቸዋለን።

ግንዱ የዛሬ አርባ ዘጠኝ ዓመት፣ የስንዴ አጨዳ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለእናትና ለአባታቸው ብቸኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ዝናብ ሊመጣ ነው ተብሎ ስለ ተፈራ አባታቸው ከማሳው ሳይወጣ ቀርቶ ያያቸው በተወለዱ በአራተኛው ቀን ነበር። እናታቸው ይህንን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም፤ ሲቆጡም ሲጫወቱም ያነሱት ነበር።

ያደጉበት ቤት ሥርዓት የጠበቀ ነበር። ከሥርዓቱም አንዱ፣ ሥራ ሲያልቅ የተወጠረ ነገር ሁሉ እንዲላላ ነው፦ የፈረሱ ኮርቻ፣ የጭነቱ ገመድ፣ በተለይም በእንጨት ክፈፍ ተይዞ በተጠመዘዘ ገመድ የሚወጠረው መጋዝ። ግንዱ በዘጠኝ ዓመታቸው ይህን መጋዝ እንደ ተወጠረ ትተውት ስላደሩ ክፈፉ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ አባታቸውም በዚያው ገመድ ገረፋቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ተወጥሮ ያደረ ገመድ አልነበረም። ይህ የተጻፈው ኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ። አራተኛ ክፍል ላይ የቆመው አባታቸው ግን ስምንት ዓመት ለገበሬ ልጅ ይበቃል ብሎ ከስምንተኛ ክፍል አስቀራቸው። አልበቃም ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ሁለት ሸሚዝ በፌስታል ይዘው ወደ ከተማ ሄዱና በአንድ እንጨት መሰንጠቂያ ተቀጠሩ። ስም ያወጡላቸው በዚያ የሚሠሩ ጓደኞቻቸው ናቸው፤ ሌላው ለሁለት የሚያነሣውን ግንድ ብቻቸውን በትከሻቸው ይዘው ይሄዱ ስለነበረ ነው።

በሃያ ዓመታቸው፣ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንገቱ ስለ ተሰበረ ከጥራጊ ጋር ያወጣውን ደብል ቤዝ፣ ማለትም ሰው የሚያህለውንና ቆመው የሚመቱትን ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ ተሸክመው ወደሚከራዩት ክፍል አስገቡ። ከመሰንጠቂያው ቁራጭ እንጨት እየመረጡ፣ እየላጉና እያጣበቁ፣ ያስተማራቸው ሳይኖር በሁለት ክረምት ጠገኑት። መምታቱንም የተማሩት ብቻቸውን ነው፤ አከራያቸው በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ከታች እየደበደቡ «አንተ ልጅ፣ ወይ ዝፈን ወይ ቤቱን አፍርሰው፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታድርግ!» ይሏቸው እንደ ነበር እናታቸው እየሳቁ ይናገሩ ነበር።

ከዚህ በኋላ ቁራ የሚባሉት ፀጉር አስተካካይ በድምፅና በጊታር፣ ቆርቆሮ የሚባሉት ጣሪያ ሠሪ በከበሮ፣ ግንዱ በቤዝ ሆነው «የሬሳ ሚዜዎች» የተባለውን ባንድ አቋቋሙ። የሚጫወቱት ሳይኮቢሊ የሚባለውን ነበር፤ ይኸውም የድሮ የገጠር ዘፈንን ወስዶ በቁጣ የሚያፈጥን፣ ግጥሙም ስለ መቃብር፣ ስለ ጣረ ሞትና ከሣጥናቸው ተነሥተው ስለሚጨፍሩ ሙታን የሚያወራ ነው። ሦስቱም የራሳቸውን ጎንና ጎን ተላጭተው መሐሉን እንደ አውራ ዶሮ ያቆሙ ነበር፤ ይህንንም በየሳምንቱ የሚሠሩላቸው ቁራ ነበሩ። እናታቸው የዘፈኖቹን ስም ሲሰሙ «ምነው ልጄ፣ ሟርት ብቻ ነው እንዴ የምታውቀው?» አሏቸው። በዚህ ሣጥን ፊት ይህ ሲነበብ ለማን እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወቱት ጎማ ከሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ ሲሆን፣ ከመጡት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አራቱ ጎማቸው እስኪሞላ የቆሙ ነበሩ። በአንድ ሠርግ ላይ ሣጥን ውስጥ ስለ ተኛች ሙሽራ መዝፈን ሲጀምሩ የሙሽራዋ እናት መጥተው ሶኬቱን ነቀሉባቸው። ቤዙ ግን ኤሌክትሪክ ስለማያስፈልገው ግንዱ ብቻቸውን እስከ መጨረሻው መቱት፤ የሙሽራዋ አያትም ተነሥተው ጨፈሩ። በማንም ሥር መሆን ስላልፈለጉ ሸክላቸውን በራሳቸው አሳተሙ። ሽፋኑን በቁራ ፀጉር ቤት ተቀምጠው ሲለጥፉ ግማሹን ገልብጠው ለጠፉት፤ ሰውም አውቀው ያደረጉት መስሎት የተገለበጠውን እየመረጠ ገዛ። አሮጌ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና አግኝተው ከከተማ ከተማ ዞሩ። ጃኬታቸውን የሰፉላቸው ልብስ ሰፊ ኋላ የግንዱ ባለቤት ሆኑ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

የአንድ ሸክላ አሳታሚ ሰው መጥቶ ሙታኑን ከግጥሙ ካወጡ፣ ያንን ግንድ የሚያህል እንጨትም በኤሌክትሪክ ቤዝ ከለወጡ እንደሚያስፈርማቸው ነገራቸው። ቁራ «ሙታኑ ይቅሩ፣ ችግር የለም፤ እሱ ግን አይቀየርም» ብለው ወደ ቤዙ ጠቆሙ። ቁራ በዚያን ቀን እንዲህ ማለታቸው መጻፍ አለበት። ሰውየውም ሳያስፈርማቸው ተቀይሞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ብዙ አዳራሾች ተዘጉባቸው፤ ሦስት ዓመት ያህል ሰው የሚጠራቸው የዕቃ መደብር ሲመረቅ ብቻ ሆነ። ቢሆንም አልተበተኑም። እናታቸው አንድ ቀን ሄደው ሲጫወቱ አዩዋቸው፤ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ገቡ፣ ጥጡን በእጃቸው ይዘው ወጡ። አባታቸው ግን በአሥራ አንዱ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አልሰማም። ጥሪው በየጊዜው ይደርሰው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ሳይታሰብ ዕድል መጣ። በአገሪቱ ትልቁ በተባለው የሜዳ ላይ የሙዚቃ ድግስ፣ በሬዲዮ በቀጥታ በሚተላለፍበት ሰዓት፣ እንዲጫወቱ ተጋበዙ። የአባታቸው እርሻ በመንገዳቸው ላይ ስለነበረ በዋዜማው እዚያ አደሩ። የመኪናው ጣሪያ ያፈስ ስለነበረ ቤዙን ጎተራ ውስጥ፣ በስንዴው ጆንያዎች መካከል አቆሙት።

አባታቸው ጎህ ሲቀድ ለከብቶቹ መኖ ሊወስድ ጎተራው ሲገባ ቤዙን አየው። አራቱም ክሮች እንደ ተወጠሩ አድረዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለልጁ ያደረገው ነገር እንደሌለ ያውቅ ነበር፤ ይህንን አደርግለታለሁ ብሎ አራቱንም መወጠሪያ ቁልፎች እያዞረ፣ ክሮቹ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ እስኪረግቡ ድረስ አላላቸው። ክሮቹ ያረፉበት እንጨት ሲወድቅ አንሥቶ በንጹሕ ጆንያ ላይ አስቀመጠው። ከውስጥ አንድ ነገር ጠቅ ብሎ ሲወድቅ ሰማ፤ የስንዴ ፍሬ መሰለው።

የወደቀው የስንዴ ፍሬ አልነበረም። በደብል ቤዝ ሆድ ውስጥ ከስንዝር ያነሰች፣ አውራ ጣት የምታህል አንዲት እንጨት አለች። ምስማርም ሙጫም አልያዛትም፤ ከፊት ያለውን ገበታ ከውስጥ ደግፋ የምትቆመው ክሮቹ ሲወጠሩ ከላይ ስለሚጫኗት ብቻ ነው። አራቱም ክሮች በአንድ ጊዜ ከላሉ ትወድቃለች፤ እሷ ሳትቆም ክሮቹ ከተወጠሩ ደግሞ ገበታው ይሰበራል። ይህንን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። መጋዝ የሚያውቅ ገበሬ አያውቀውም።

ግንዱ ሲመጡ አባታቸው ከበሩ ላይ ቆሞ «አላልቼልሃለሁ፤ ተወጥሮ ነው ያደረው» አላቸው። ቤዙን ጥቂት ዘንበል ሲያደርጉት እንጨቷ ከውስጥ ስትንከባለል ተሰማ። ቤዙን አዩት፣ አባታቸውን አዩት፣ ከዚያም «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባዬ» ብለው ተሸክመውት ወጡ። አባታቸው በዚያን ቀን ደስ ብሎት ሲያርስ ዋለ። በሕይወቱ ከዋለባቸው ቀኖች ሁሉ አብልጦ የሚጠላው ያንን ቀን ነው።

ግንዱ በመኪናው የኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ጠማማ ሽቦ በቤዙ ቀዳዳ እያስገቡ፣ እንጨቷን ሊያቆሟት አራት ሰዓት ሙሉ ታገሉ። ሁለት ጊዜ ቆማ ሁለቱንም ጊዜ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ወደቀች። ከሜዳው ሲደርሱ ሌላ ቤዝ ለምነው አጡ። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ እንጨቷ ሳትቆም፣ ክሮቹን እንደ ምንም ወጥረው መድረክ ወጡ፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ገበታው ጣውላ እንደሚሰበር ድምፅ አሰምቶ ወደ ውስጥ ሰጠመ። ሕዝቡ የትርኢቱ ክፍል መስሎት በጭብጨባ ሜዳውን አናጋው። ቁራ ዞረው አዩና ጊታራቸውን አስቀምጠው ወረዱ። ያ ሁሉ ዓመት የተለፋበት ነገር በሰባት ደቂቃ አለቀ።

በመንገዱ ጥድፊያ ማንም ያልጠየቀውን ቁራ ከመድረኩ ኋላ «ማነው ያላላው?» ብለው ሲጠይቁ ግንዱ «እኔ ነኝ፤ ተወጥሮ እንዳያድር ብዬ ነው» አሉ። ቁራም «አሥራ አንድ ዓመት መትተኸው? ለካ ግንድ ያሉህ አውቀው ነው!» ብለው ሄዱ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግንዱ እስኪሞቱ ድረስ አልተነጋገሩም። ባንዱ ፈረሰ። ቤዝ የሚመቱ ሁሉ አዲስ ተማሪ ሲያስተምሩ «እንደ ግንዱ እንዳታላላው» እያሉ ይስቁ ጀመር። ግንዱ ፀጉራቸውን ተቆርጠው ወደ መሰንጠቂያው ተመለሱ፤ ሌላ መሣሪያ በእጃቸው አልያዙም። የተሰበረውን ቤዝ ከመኝታ ቤቱ በር ኋላ አቆሙት፤ ካፖርት ይሰቀልበት ነበር።

አባታቸው እውነቱን ያወቀው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ቆርቆሮ የበረቱን ጣሪያ ሊጠግኑ መጥተው፣ ከመሰላሉ ላይ ሆነው «አባባ፣ ያ ልጅዎ ምን ጉድ እንደ ሠራን አጫውቶዎታል?» ብለው እየሳቁ ታሪኩን ሁሉ ነገሩት። አባታቸው መሰላሉን ይዞ ሰማና «ምስማር ልጨምርልህ?» አለ። ለቁራ አልነገረም፣ ለእናታቸውም አልነገረም፤ እናታቸው ልጃቸው በገዛ እጁ ዕድሉን እንዳበላሸ አምነው ሞቱ። አባታቸው ይህን ያህል ዝም ያለው ቃል አጥቶ አይደለም። አፍሮ ነው።

ግንዱ ከመሰንጠቂያው አቧራ ሳንባቸው ታሞ ስምንት ወር ሆስፒታል ተኙ። አባታቸው በየሳምንቱ በአውቶቡስ እየሄደ፣ ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ደፍሮ «ያኔ ጎተራው ውስጥ» ብሎ ጀመረ። ግንዱ ዓይናቸውን ጨፍነው «አባዬ፣ ከብቶቹ እንዴት ናቸው?» አሉት። አባታቸውም «ደህና ናቸው» አለ። ስለዚህ ነገር አባትና ልጅ የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነው። ለምን በራሳቸው ላይ እንደ ወሰዱት አባታቸው አልጠየቀም፤ አሁን የሚመልስለት የለም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው ሳሉ ዐረፉ።

እንግዲህ የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ ይልቁንም ቤዝ የምትመቱ፣ እወቁት፦ ግንዱ ክር አላላሉም። አራቱንም ያላላው አባታቸው ነው። ልጃቸው ትናንት ካፖርቱን አውርዳ ቤዙን ስትገለብጠው ያቺ እንጨት በቀዳዳው ወጣች፤ አሁን በአባታቸው ኪስ ውስጥ ናት። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ቁራ ሲወጡ ከእርሱ ይቀበሏት።

ግንዱ ጃኬቶቹን የሰፉትን ባለቤታቸውን፣ የሃያ ዓመት ሴት ልጃቸውን፣ ይህን ያነበቡትን አጎታቸውን፣ ወንድም ሳይወለድላቸው ወንድም የሆኗቸውን ቁራንና ቆርቆሮን ትተው ሄደዋል። አባታቸውንም ትተውታል። መሐሪው አምላክ የእርሳቸውን ነፍስ ከደጋጎች ጋር ያኑርልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ብርታት ይስጥልን። አባታቸው ለራሱ እንዲጸለይለት አልጻፈም።