ደረበ የወደቀበት ማለዳ

ደሴ፣ ከመናኸሪያው ግንብ ጀርባ፣ ማለዳ፤ የጎዳና አዳሪዋ ትርንጎና ጎረቤቷ ዓይነ ስውሩ ጋሽ ይርዳው ከፈረሰው የላስቲክ ቤት አጠገብ ናቸው፤ ደረበ የተባለው ጉልበተኛ ራሱ ተፈንክቶ ቦዩ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ወድቋል።

ጋሽ ይርዳው፦ ልጅሽን ያዥና ሂጂ እያልኩሽ ነው። የኮምቦልቻ መኪና አሁን ይወጣል።

ትርንጎ፦ እርስዎስ?

ጋሽ ይርዳው፦ እዚሁ ነኝ። ፖሊስ ሲመጣ የመታሁት እኔ ነኝ እላለሁ።

ትርንጎ፦ ማየት የማይችል ሰው መታው ቢሉ ማን ያምናል?

ጋሽ ይርዳው፦ አንቆ ይዞኝ ነበር፤ እጄ ያገኘውን ድንጋይ አነሳሁ እላለሁ። ጣቶቹ አንገቴ ላይ ወጥተው የለም?

ትርንጎ፦ ወጥተዋል። ሰንበር ሆኗል።

ጋሽ ይርዳው፦ ይኸው፣ ምስክር።

ትርንጎ፦ ያነቀዎት እኮ ልጄን ማስተዋልን ሲጎትት እግሩን ይዘው አልለቅም ስላሉት ነው። አሁን ደግሞ በእኔ ፈንታ ይታሰሩ?

ጋሽ ይርዳው፦ የሰባት ዓመት ልጅ ሊወስድ የመጣ ሰው ነው። ምን ልታደርጊ ኖሯል?

ትርንጎ፦ በመጀመሪያው ወድቆ ነበር ጋሽ ይርዳው። ሁለተኛውን የመታሁት ከወደቀ በኋላ ነው። ሦስተኛውንም።

ጋሽ ይርዳው፦ ሰምቻለሁ። ለሌላ ሰው ግን እንዳትናገሪ።

ትርንጎ፦ ባለፈው ክረምት እኔን ያደረገኝን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ስነግራቸው፣ ቤትሽ የት ነው አሉኝ። ላስቲክ ውስጥ ስል ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይኼ በማግስቱ መጥቶ ከሰስሽኝ አሉ ብሎ ጥርሴን አረገፈው።

ጋሽ ይርዳው፦ ያኔ ያልሰሙሽ ዛሬ ሊሰሙሽ ነው? አንቺ ከታሰርሽ ልጅቷን ማን ይጠብቃታል? እኔ? ቢወስዷት ወዴት እንደሄዱ እንኳ አላይም። እኔ ብታሰር የሚጎድልበት ሰው የለም። እዚያ ጣሪያ አለ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ካርቶኔን ታቅፌ አልሮጥም።

ትርንጎ፦ እንዲህ አይበሉ።

ጋሽ ይርዳው፦ እውነቴን ነው። አሥራ አንድ ክረምት እዚህ ግንብ ስር … ቆይ። ዝም በይ።

ትርንጎ፦ ምንድን ነው?

ጋሽ ይርዳው፦ ያንኮራፋል። ከቦዩ ነው። ጠጋ ብለሽ እይው።

ትርንጎ፦ … ይተነፍሳል። ጀርባው ከፍ ዝቅ ይላል።

ጋሽ ይርዳው፦ በደረቱ ነው የወደቀው?

ትርንጎ፦ አዎ። ፍሳሹ አፍንጫው ስር ደርሷል።

ጋሽ ይርዳው፦ እንግዲያው አትንኪው። ትንሽ ከቆየ በራሱ ያልቅለታል።

ትርንጎ፦ ከተነሳ ይገድለናል።

ጋሽ ይርዳው፦ እኛንማ ይግደለን። መጀመሪያ የሚመጣው ግን ወደ ልጅቷ ነው። ተይው ትርንጎ።

ትርንጎ፦ እያየችኝ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ማን?

ትርንጎ፦ ማስተዋል። ጆንያ አልብሻት ነበር፤ ገልጣዋለች።

ጋሽ ይርዳው፦ ከልያት።

ትርንጎ፦ ስመታውም አይታኛለች። እጅዎን ይስጡኝ። ይኼ ብብቱ ነው፤ ይያዙና ወደ ላይ ይሳቡት።

ጋሽ ይርዳው፦ አብደሻል?

ትርንጎ፦ ይሳቡት ጋሽ ይርዳው። … እንዲያ። ነጠላዬ ይኸውልዎት፣ ቁስሉ ላይ ጠበቅ አድርገው ይያዙት። እኔ መናኸሪያ ሄጄ ሰው ልጥራ። የመታሁት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነም እስኪጽፉት ድረስ ከፖሊሶቹ ደጅ አልነሳም።

ጋሽ ይርዳው፦ ስትመለሺ ሞቶ ብታገኚውስ? አንገቱ እጄ ስር ነው፣ ልጄ። ትንሽ ጫን ብል ይበቃዋል።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። ማስተዋል፣ ነይ እናቴ፤ እስክመለስ ከጋሽ ይርዳው አጠገብ ተቀመጪና እጃቸውን እያየሽ ጠብቂኝ።