የእንጥል ቆራጩ ሳል

ቡሬ ላይ ሕፃን ካሳለው ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ነው። የአራት ወር ልጄ ጉንፋን ቢይዘው አንዷ “ቅቤ አስውጪው”፣ ሌላዋ “ማር አቅምሺው” አለችኝ፤ ሦስተኛዋ መስኮቱን በጋቢ ደፈነችው። አማቴ ግን ከሁሉም ባሱ፤ እንጥል ቆራጭ ይዘው ከተፍ!

ሽማግሌው ቆራጭ ልጄን ታቅፈው አፉን ሊከፍቱ ሲሉ ራሳቸውን ሳል ያጣድፋቸው ጀመር። ምላጩን አስቀምጠው ደረታቸውን ያዙ። ልጄን ከእጃቸው መንጠቁ ነውር ቢሆንብኝ፣ “አባባ፣ የእርስዎ እንጥል አልተቆረጠም እንዴ?” አልኳቸው።

“ምን ነካሽ ልጄ! ገና በሕፃንነቴ ነው የተቆረጠው።”

“ታዲያ ይሄ ሳል?”

“ይሄማ ብርድ ነው። ከዚህ ስወጣ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ።”

ልጄን ተቀብዬ አዘልኩና “እንግዲያ አብረን እንሂዳ!” አልኩ። አማቴም እያጉረመረሙ ተከተሉን።

ነርሷ ልጁን አይታ፣ “ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቢው፤ አፍንጫውን ከፋርማሲ በሚገዛ የጨው ውሃ ጠብታ አለስልሺለት። ቅቤም ማርም እንዳታቀምሺው። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ጡት እምቢ ካለ ግን ሮጠሽ አምጪው” አለችኝ።

ስንወጣ አማቴ ቀና ብለው፣ “አየሽ፣ እኔ አዋቂ ባላመጣልሽ ኖሮ ጤና ጣቢያ ማን ያደርስሽ ነበር?” አሉኝ።