ስመ ክርስትና በዘጠና ሜትር

(ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር፣ ረፋድ ላይ። የሞተር ሠራተኛው ባሏ ጥላዬ በጦርነቱ ጊዜ ከሰጠመችው «ማዕበል» መርከብ ጋር ቀይ ባሕር ውስጥ የቀረባት ትርንጎ ከዓሣ መጥበሻ ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ቅርፊት ትፍቃለች፤ ጠላቂው ናሁሰናይ ለሦስተኛ ጊዜ ሊለምናት መጥቷል።)

ትርንጎ፦ አልፈቅድም አልኩህ አልፈቅድም! ትናንትም አልኩህ፣ ከትናንት ወዲያም አልኩህ። ጆሮህ ውስጥ የቀረ ውሃ አለ እንዴ?

ናሁሰናይ፦ እማማ ትርንጎ፣ የሌሎቹ ሟቾች ቤተሰቦች በሙሉ እሺ ብለዋል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ደንቡ ደግሞ አንድ ቤተሰብ እንቢ ካለ ማንም አይወርድም ይላል። ጀልባችን የምትነሳው በዚህ ሳምንት ነው።

ትርንጎ፦ ጥሩ ደንብ ነው። ማን እንዳወጣው ባውቅ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሼ በነጻ አበላው ነበር። በል አትገተርብኝ፤ ያን ቢላዋ ያዝና ዓሣ ፋቅልኝ። አፍህ ሲለምን እጅህ ይሥራ።

ናሁሰናይ፦ እሺ፣ እፍቃለሁ። ግን ለምን እንደከለከሉኝ ይንገሩኝ።

ትርንጎ፦ መቃብር ነዋ! የሰው ባል፣ የሰው ልጅ የተኛበት። እዚህ አጥር ዘለህ መቃብር ቦታ ብትገባ ቄሱ በመቋሚያ ነው የሚያባርሩህ። ባሕር ውስጥ ሲሆን ጊዜ ሽርሽር ሆነ?

ናሁሰናይ፦ ሽርሽር አይደለም፣ እማማ። መርከቧ የጦር መቃብር ተብላ የተከለለች ናት። ማየት እንጂ መንካት የለም። አንዲት ብሎን እንኳ አናነሳም። ወርደን፣ ፊልም ቀርፀን፣ አክብረን እንመለሳለን።

ትርንጎ፦ ጥልቀቱ ስንት ነው አልከኝ?

ናሁሰናይ፦ ዘጠና ሜትር።

ትርንጎ፦ ኧረ ጉድ! የሰፈራችን ሰው የሽንት ቤት ጉድጓድ ለመቆፈር እንኳ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ሚስቱን ተሰናብቶ ነው የሚገባው። እዚያ ታች ምን ትተነፍሳለህ?

ናሁሰናይ፦ ተራ አየር በዚያ ጥልቀት ያሰክራል። ስለዚህ ሂሊየም እንቀይጥበታለን፤ ያ ፊኛ የሚነፋበት ጋዝ።

ትርንጎ፦ አየሩ ያሰክራል? ምነው ጥላዬ ይሄን በሰማ! ደሞዙን አረቄ ቤት ባልጨረሰው ነበር።

ናሁሰናይ፦ በጣም ይጠጣ ነበር እንዴ?

ትርንጎ፦ አንተ ደግሞ ስለሱ ስትጠይቅ ዓይንህ ይበራል። ታች ደርሰህ ስንት ትቆያለህ?

ናሁሰናይ፦ ሃያ ደቂቃ። ለመውጣት ግን ሦስት ሰዓት ይፈጅብኛል። ተጣድፌ ከወጣሁ ደሜ ውስጥ የገባው ጋዝ አረፋ ሆኖ ይገድለኛል። በገመዱ ላይ እየቆምኩ፣ እየጠበቅሁ ነው የምወጣው።

ትርንጎ፦ እንደኛ ሰፈር ለቀስተኛ በለኛ! ሃያ ደቂቃ ይቀመጥና «በሉ እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ይነሳል፤ ከዚያ በር ላይ ቆሞ ሦስት ሰዓት ያወራል።

ናሁሰናይ፦ ልክ እንደሱ። እኔስ የምሄደው ለቅሶ ልደርስ አይደል?

ትርንጎ፦ የማንን ለቅሶ?

ናሁሰናይ፦ የ... የሁሉንም ነዋ።

ትርንጎ፦ እህ። ግራኝ ነህ እንዴ?

ናሁሰናይ፦ ምን?

ትርንጎ፦ ቢላዋውን የያዝከው በግራህ ነው። ጥላዬም ግራኝ ነበር። ዓሣ ሲፍቅ እንዳንተው ምላሱን በአንድ ጎን ያወጣል።

ናሁሰናይ፦ ግራኝ በዓለም ሞልቷል፣ እማማ።

ትርንጎ፦ ምላሱን የሚያወጣውስ? ተወው። ና እንደራደር። ፈቃዴን ትፈልጋለህ አይደል?

ናሁሰናይ፦ ከምንም በላይ!

ትርንጎ፦ የመርከቧን ደወል አምጣልኝና ዛሬውኑ እሺ እላለሁ። እዚህ በሬ ላይ እሰቅለውና ዓሣው ሲደርስ ደንበኛ እጠራበታለሁ።

ናሁሰናይ፦ መንካት የለም አልኩዎት እኮ።

ትርንጎ፦ ማን ያይሃል? ዓሣ ይመሰክርብሃል?

ናሁሰናይ፦ ማንም ባያይም አይሆንም።

ትርንጎ፦ ደወሉ ከከበደህ ትንሽ ነገር ልዘዝህ። ጥላዬ የወርቅ ጥርስ ነበረው...

ናሁሰናይ፦ በስመ ሥላሴ! ምን ዓይነት ነገር ነው የሚያወሩት?

ትርንጎ፦ ምን ያስደነግጥሃል? ባሉ የኔ፣ ጥርሱም የኔ። ጥርሱን ለኔ፣ ፈቃዱን ላንተ።

ናሁሰናይ፦ አላደርገውም።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ፈቃድ የለም። ጀልባህም ትቁም፣ አንተም ወደ ቤትህ ሂድ።

ናሁሰናይ፦ ይቅር በቃ! ይሄን ሁሉ ዓመት የለፋሁት ለዚች አንዲት መውረድ ነበር፤ ግን ይቅር። ሙት ዘርፌ ከምመለስ ሳልወርድ ብቀር ይሻለኛል። ቢላዋዎን ይያዙ።

ትርንጎ፦ ቁጭ በል! አንድ ጎኑን ፍቆ ሌላውን ትቶ የሚሄድ ሰው የት ይገኛል? ዓሣው ምን በደለህ?

ናሁሰናይ፦ ምን ላድርግዎት ታዲያ?

ትርንጎ፦ ባለፈው ዓመት አንዱ እንዳንተው ሊያስፈቅደኝ መጥቶ ነበር። ደወል ስለው «ስንት ኪሎ ይሆናል?» አለኝ። በመጥበሻ ነው ያባረርኩት። የወርቅ ጥርስ ደግሞ ጥላዬ ከየት አባቱ ያመጣል? ቢኖረው ነቅሎ ይጠጣበት ነበር።

ናሁሰናይ፦ ሲፈትኑኝ ነበር ማለት ነው?

ትርንጎ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሌባ አለመሆንህን አየሁ፤ ምን እንደሆንክ ግን ገና አላየሁም። እስቲ ፊልሙን ተወውና፣ እዚያ ወርደህ ምን ልታደርግ ነው?

ናሁሰናይ፦ ጀልባዋ ላይ ቄስ አሉ። እኔ ታች ስደርስ እሳቸው ከላይ ሆነው ፍትሐት ያደርሳሉ። እኔም የሞተሩን ክፍል መስኮት ፈልጌ፣ መብራቴን ወደ ውስጥ አብርቼ፣ የወልደ ትንሣኤን ነፍስ ይማር እላለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ትርንጎ፦ የማንን ነፍስ?

ናሁሰናይ፦ የጥላዬን... የባለቤትዎን።

ትርንጎ፦ ወልደ ትንሣኤ ነው ያልከው።

ናሁሰናይ፦ ሰው ነግሮኝ ይሆናል።

ትርንጎ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ስመ ክርስትናውን መተት ይሠሩብኛል ብሎ ለመርከብ ጓደኞቹ እንኳ አይናገርም ነበር። የማውቀው እኔ ነኝ። የንስሐ አባቱም ያውቁ ነበር፤ እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። ሦስተኛ ሰው ካለች ምፅዋ ነው የነበረችው።

ናሁሰናይ፦ ዓሣው አልቋል፣ እማማ። ሌላ ይስጡኝ።

ትርንጎ፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ዓሣውን ተወው። እናትህ ማን ትባላለች?

ናሁሰናይ፦ ዙርያሽ።

ትርንጎ፦ ዙርያሽ። አየህ፣ ስሟን እንኳ ገና ዛሬ መስማቴ ነው። «የአባቴ ስም በላቸው ነው» ያልከኝስ?

ናሁሰናይ፦ በላቸው አጎቴ ነው፤ እሱ ነው ያሳደገኝ። መርከቧ ስትሰጥም እናቴ እኔን አርግዛ ነበር። ጥላዬ አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም። ፎቶ እንኳ የለኝም። አባቴ ያለው ዘጠና ሜትር ታች ነው፤ እዚያ የሚያደርሰኝ ሌላ መንገድ ስላልነበረ መጥለቅ ተማርኩ። ይኸው ነው። አሁን ይስደቡኝ።

ትርንጎ፦ መሳደቡንስ እሳደባለሁ፣ አትቸኩል። አንተን ሳይሆን እሱን ነው የምሰድበው። ሙት አይወቀስም ይላሉ፤ እኔ ግን ትንሽ ብወቅሰው ደስ ይለኛል። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?

ናሁሰናይ፦ ፈራሁዎት። እናቴም አስምላኛለች። ለቅሶው ቀን እኮ እዚህ ድረስ መጥታ ነበር። መግባት ፈርታ ከአጥሩ ውጪ ቆማ አለቀሰች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። አንዲት ሴት ብቻ፣ በነጠላ ተሸፋፍና መጥታ፣ ንፍሮ በሳህን አቀብላት ቃል ሳትተነፍስ ተመለሰች። እናቴ ያችን ሴት እስከ ዛሬ ትመርቃታለች።

ትርንጎ፦ ሰማያዊ አበባ ያለበት የብረት ሳህን?

ናሁሰናይ፦ እርስዎ በምን አወቁ?

ትርንጎ፦ ስድስት ነበሩ፤ አምስት ቀሩኝ። ንፍሮ ሰጠኋት እንጂ መቼ ሳህን ሰጠኋት?

ናሁሰናይ፦ እርስዎ ነበሩ?!

ትርንጎ፦ ሐዘንተኛ ከመቀመጫዋ አትነሳም፤ ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ሾልኬ ነው የወጣሁት። ሆዷ ገፍቶ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንደ ሚስት የምታለቅስ ሴት ማን እንደሆነች ይጠፋኛል? መጀመሪያ ድንጋይ ላነሳ ነበር። ከዚያ ሆዷን አየሁት። አንጀቴን በላችው። ድንጋዩን ትቼ ንፍሮ አመጣሁላት። ንዴቴ ግን አልበረደልኝም ነበርና ሽምብራውን ለቅሜ አስቀርቼ ስንዴውን ብቻ ሰጠኋት።

ናሁሰናይ፦ «ሽምብራ የሌለው ንፍሮ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው» ትላለች ሁልጊዜ!

ትርንጎ፦ ይበላት! ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን ሌሊት ሌሊት እየታወሰኝ አሳዘነኝ።

ናሁሰናይ፦ እማማ... ታዲያ ፈቃዱስ?

ትርንጎ፦ አልፈቅድም።

ናሁሰናይ፦ አሁንም?

ትርንጎ፦ ለባዳ አልፈቅድም ነው ያልኩት፤ ቃሌ ቃል ነው። ልጅ ወደ አባቱ መቃብር ሲሄድ ግን ማንን ያስፈቅዳል? ለሰዎችህ «የጥላዬ ቤተሰብ እሺ ብሏል» ብለህ ንገራቸው። ታች ስትደርስ መብራትህን በደንብ አብራው፤ ያ ሰውዬ ጨለማ ይፈራ ነበር። ስትወጣ ደግሞ እንዳትጣደፍ፣ ልጄ። በሩ ላይ ቆመህ አውራው።

ናሁሰናይ፦ እግዜር ያክብርልኝ! ስመለስ ምን ላምጣልዎት?

ትርንጎ፦ ከባሕሩ ምንም። ሳህኔን ነው የምፈልገው።

ናሁሰናይ፦ አለ እኮ! እናቴ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ራሴ ይዤልዎ እመጣለሁ።

ትርንጎ፦ እንዳትነካው! መንካት የለም አላልክም? የወሰደችው እሷ ናት፣ የምትመልሰውም እሷ ናት። ንፍሮውን ከነሽምብራው ቀቅዬ እጠብቃታለሁ በላት።