ጤና አዳምና በሶብላ አይዋደዱም አሉ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡራዩ፣ በአከራይዋ በኦቦ ገመቺስ ግቢ ውስጥ፣ ማሪቱ ጎመኗን ልትቀነጥስ በርጩማዋን ይዛ ወጣች። ግቢው ሰፊ ነው፤ እሷ ግን መርጣ መርጣ ኤርምያስ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ኤርምያስ የጎን ቤት ተከራይ ነው። ልጇን ያኔትን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹ መልስ ሊሰሙ ዛሬ ከሰዓት ከሱሉልታ ይመጣሉ። ማሪቱም «እሺ» ልትላቸው ቆርጣ ነበር። ትናንት ግን ከገበያ ስትመለስ፣ ኤርምያስ በየሳፋውና በየባልዲው የተከለቻቸውን አትክልቶች በሙሉ ነቅሎ፣ ስልኩ ላይ ባየው ዘዴ «የሚዋደዱትን» አብሮ፣ «የማይዋደዱትን» ለይቶ አዛውሮ ተክሎ፣ ምስጋና ሊቀበል ቆሞ ጠበቃት። በንዴት እንቅልፍ አልወሰዳትም። አሁን የመስኮቱ መጋረጃ ሲነቃነቅ አየችና፣ ቧንቧው ጋ ልብስ ወደምታጥበው ጎረቤቷ ወደ ጣቢታ ዞረች።

«ጣቢቱ፣ እንዴት አደርሽልኝ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? … ተመስገን። ፀሐይዋም ዛሬ ደግ ናት፣ ልብስሽ ቶሎ ይደርቅልሻል። የምታሰጪበት ገመድ ካገኘሽ ነው እንግዲህ… ዱባ ይዞታል። አየሽው አይደል? ሐረጉ እንዳይወድቅ በከረባት ታስሯል። እኔ እኮ ከረባት ለሽማግሌ ቀን ይመስለኝ ነበር!

«ዱባው ደግሞ ከበሶብላው ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ ነው፤ ይዋደዳሉ አሉ። ‹ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል› ያሉት የጥንት ሰዎች ስልክ ስላልነበራቸው ነው። እኔም መሃይሟ፣ ጤና አዳሜንና በሶብላዬን ስንት ዘመን አብሬ አኖርኳቸው… ለካ ደመኞች ናቸው! አንዱ ያንዱን ሥር ሲበላ ነው የኖረው። እኔ የምለው ጣቢቱ፣ በርበሬ ውስጥ አብረው ሲደለዙስ ማን ይገላግላቸው? ሽማግሌ እንላክባቸው ይሆን?

«ጤና አዳሟ የእናቴ ናት። ከደብረ ማርቆስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው ያመጣኋት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከዚያ ጓሮ የቀረኝ እሷ ብቻ ናት… አይ፣ አላለቀስኩም። ጎመኑ ነው ዓይኔን ያቃጠለኝ።

«ደግነቱን ግን አልክድም። ሜዳ ላይ አልጣላትም እኮ! የራሷ ቤት ሰጣት። የት እንደሆነች አየሻት? … ሽንት ቤቱ በር ላይ፣ ፖፖ ውስጥ። ያኔት በልጅነቷ የተቀመጠችበት ፖፖ! ታጥቧል አሉ። ንጽሕና የሚወድ ሰው ደስ ይለኛል። ኦቦ ገመቺስ ጠዋት ሊገቡ ሲሉ አዩአትና ‹ማሊፍ? ለምን?› ብለው ደነገጡ። ‹የባለሙያ ሥራ ነው› አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለፖፖው እጅ ነሥተው ገቡ።

«ትጋቱስ! ማን አዘዘው? ማንም። ‹ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል› እውነት ነው… የሩቅ ዘመድ እጁ ሳፋሽ ድረስ አይደርስማ! ነገ ሚስት ሲያገባ ደግሞ ቤቱን እንዴት አድርጎ ያስተካክለዋል መሰለሽ? ድስቱን አልጋ ሥር፣ አልጋውን ደጅ… የሚስቱን እናትማ የሚስማማትን ዕቃ ፈልጎ ለብቻዋ ነው የሚተክላት!

«ያኔትን ሰበታ፣ የምትሠራበት ፋብሪካ ደውዬ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቆይታ ‹እማ፣ እኔንስ ከምን ጋር ይተክለኝ ይሆን?› አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም…»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ተሰማ። ማሪቱ ጎመኑን መቀንጠስ አቆመች። ሆደ ቡቡ ናት፤ ወጥቶ አንዲት «ይቅርታ» ቢላት፣ ያችን ጤና አዳም ወደ ቦታዋ ቢመልስላት፣ ሁሉንም ነገር ትረሳለት ነበር። ወዲያው መስኮቱ ተከፈተ። አንድ እጅ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ብቅ አለ፤ መስኮቱ ሥር ሳፋው ውስጥ ያለውን በሶብላ ቀስ አድርጎ አጠጣና ተመልሶ ገባ። መስኮቱም ተዘጋ።

ማሪቱ ጎመኗን አቅፋ ተነሣች። ድምፅዋን ለስለስ፣ ግን ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ከፍ አደረገችው።

«ብቻ ጣቢቱ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው፤ ይባረክ! እግዚአብሔር የምትስማማውን፣ ደጓን፣ የቤት እመቤቷን ይስጠው። እኔንም ዕድሜ ሰጥቶ ሠርጉን ያሳየኝ። ድንኳኑ ውስጥ ቀድሜ የምገኘው እኔ ነኝ… ያኔቴም ከነባሏ መጥታ እልል ትልለታለች!»