ከፎቶው ሥር የተጻፈችው ቃል

በላስታ ምድር የሰው ወሬ የማይሰማ አንድ ጆሮ ቢኖር የእኔ ነው። ያን ቀን ግን ወደ ላሊበላ የምትሄደው ሚኒባስ ገና ከፍላቂት ሳትወጣ፣ አንገቴ ወደ ኋላ ወንበር አንድ ክንድ ያህል ረዝሞ ነበር። አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ለተቀመጠች አስተማሪ ፎቶ ያሳያሉ።

«አሸተን ማርያም አቀበት ላይ ያነሳኝ ፈረንጅ ነው የላከልኝ። ከሥሩ ያለችውን እስቲ አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

«‹ሴንቴናሪያን› ይላል፣ አባባ።»

«ማዕረግ ናት?»

«ዕድሜ ናት። ከላቲን የመጣች ቃል ናት፤ መነሻዋ መቶ ማለት ነው። መቶ ዓመት የሞላው ሰው ይባልባታል።»

«ወይ ጉድ! ዛሬ እኮ ሚስት ልንጠይቅ ነው፤ ሽማግሌዎቼ ላሊበላ እየጠበቁኝ ነው። ፈረንጅ ያውቀኛል ብዬ ይችን ለወንድሟ ላሳይ ነበር!»

«እንግሊዝኛ ያውቃል?»

«እንዳንቺው አስተማሪ ነው።»

«ታዲያ ፈረንጁ መቶን ከየት አመጣው?»

«ከእኔው። አቀበቱን ቀድሜው ብወጣ ተገርሞ ዕድሜዬን ጠየቀኝ። ይብስ ይገረም ብዬ ነዋ!»

«ለሴትየዋስ ስንት አሏት?»

«ስድሳ።»

«ለቀበሌስ?»

«ለእርከን ሥራ ሲጠሩን ሰማንያ ነኝ።»

«እውነተኛውስ?»

«እሱን ከአንቺ በፊት የጠየቀኝ የለም።»

«በሉ ቃሏን ቆርጠው ይጣሏት። ለሴትየዋ ግን እውነቱን ይንገሯት፣ አባባ።»

«እነግራታለሁ። ከሠርጉ በኋላ!»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ እኔም ሚስቴን ሳገባ ስምንት ዓመት ቀንሼ ነግሬያት፣ ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ አላረምኩላትም።