ሳሙና ያልነካቸው ጠርሙሶች፦ የወይዘሮ ማንአለብሽ ጀምበሩ ዜና ሕይወት

ክቡራን ቄሶቻችን፣ ከክርያት ቢያሊክና ከቲራት ካርሜል ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፤ ይህን እንዳነብ የታዘዝሁት የወንድማቸው ልጅ ደረሰ ነኝ። አክስቴ ሰው ሲሞት የሚደረደር ውዳሴ አይወዱም ነበርና ጥፋታቸውንም አብሬ አነባለሁ፤ ብደብቀው ይቆጡኛል።

ወይዘሮ ማንአለብሽ ከአባታቸው ከአቶ ጀምበሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኜ በጎንደር፣ በአምቦበር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ብረት ሠሪ፣ እናታቸው ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ የአካባቢው ሰው ማረሻውንም ማሰሮውንም ከዚያው ቤት ይወስድ ነበር። አክስቴ እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው፣ ከትምህርት ሲመለሱ ማሰሮውን በጣታቸው እያንኳኩ የተሰነጠቀውን ከደህናው ይለዩ ነበር፤ ነገር ግን ስንጥቁን ገዢ ፊት ጭምር ስለሚናገሩ እናታቸው ገበያ ይዘዋቸው መሄድ ተዉ።

ለአካለ መጠን ሲደርሱ ከአቶ ውድነህ ጋር ትዳር መሥርተው አዱኛንና ሃጋርን ወለዱ። በዚያው አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ከነቤተሰባቸው ወደ እስራኤል መጥተው፣ ጥቂት ዓመታት በአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማእከል ከቆዩ በኋላ በሃይፋ፣ በሀዳር ሃካርሜል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራዩ። አቶ ውድነህ በቲራት ካርሜል ፋብሪካ ሲገቡ፣ አክስቴ የሰው ቤትና ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው፣ በ2001 ዓ.ም. በሃይፋ ባሕር ዳርቻ ባለ አንድ የምርምር ቤት በጽዳት ተቀጠሩ።

በዚያ ቤት ከባሕር በጠርሙስ የሚመጣ ውሃ ይመረመራል። ባሕራችን እንዲህ ጠርቶ ሰማያዊ የሚሆነው ስለተራበ ነው፤ ለዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ዕፀዋት የሚመገቡት ፎስፌት የሚባል ነገር በውስጡ እጅግ ጥቂት ነው። ሳሙና ደግሞ ያ ነገር ስለሚገኝበት፣ ጠብታው እንኳ ልኬቱን እንዳያበላሽ ጠርሙሱ በአሲድና በተጣራ ውሃ ብቻ ይታጠባል። አክስቴ ግን ሳሙና ያልነካው ዕቃ ንጹሕ ነው መባሉ አልዋጥላቸው ብሎ፣ በቆሸሸ ዕቃ ይሠራሉ ብለው ለተመራማሪዎቹም አዝነው፣ ማንም ሳያዛቸው ጠርሙሱን ሁሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሳሙና ፈተጉት። የሦስት ሳምንት ውሃ ከንቱ ሆነ።

ምክንያቱን የሚያውቅ ጠፍቶ መሣሪያው ይቀየር ተብሎ ሲመከር ሰሙና፣ በማግስቱ ሁሉም በተሰበሰበበት ጥፋቱ የእርሳቸው መሆኑን ተናገሩ። እንደሚባረሩ አውቀው ቁልፋቸውን ሲያስረክቡ፣ የምርምሩ ኃላፊ ዶክተር ያሚት ቁልፉን መልሰው ሰጥተው፣ ራሱን የሚከስ አጣቢ ሌላ ከየት አገኛለሁ ብለው የጠርሙሶቹ ኃላፊ አደረጓቸው። አቶ ውድነህ ይህን ሲሰሙ፣ አጥፍቶ ሹመት የሚያገኝ ሰው በዓለም ላይ ያየሁት ሚስቴን ብቻ ነው እያሉ ብዙ ጊዜ ሲስቁ ኖረዋል።

በ2005 ዓ.ም. ጸደይ የምርምር ቤቱ መርከብ በጥልቁ ባሕር ላይ ወርዱ ከሃይፋ እስከ ቴል አቪቭ የሚሆን አዙሪት አገኘ። አዙሪቱ በመካከሉ ከሥር ያለውን ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ያነሣል፤ ያ ውሃ ከጨለማው ጥልቀት ይዞት የሚመጣው ምግብ ብርሃን ወዳለበት ሲደርስ ዕፀዋቱ ይበዛሉ። ዶክተር ያሚት ሦስት ዓመት የደከሙት ይህን ለማሳየት ነበር። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ ግን፣ እባብ የነከሰው በልጥ ይደነግጣል እንዲሉ፣ የቀድሞውን የሳሙና ጉዳይ የሰሙ፣ ውጤቱን ሊመዝኑ የመጡ አንድ አዛውንት ምሁር ጠርሙሱን ማን አጠበው ብለው ጠየቁ፤ ሁሉም ወደ አክስቴ ዞረ። ሳሙና ነው ከተባለ የዶክተር ያሚት ሥራ ከንቱ፣ ዳግመኛ ሳሙና አላስነካሁም ያሉት የአክስቴም ቃል ውሸት ሊሆን ነው።

አክስቴ ውሃው የተጠለለበትን ወረቀት አንሥተው አሳዩ፤ ከወትሮው ይልቅ አረንጓዴ ሆኗል። ሳሙና ቁጥር ያሳድግ ይሆናል እንጂ በአንድ ሰዓት ሣር አያበቅልም አሉ። ምሁሩ ግን አላመኑም። ስለዚህ አዙሪቱ ሳይበተን መርከቡ እንዲመለስ፣ ከጠርሙሱም ግማሹን ሌላ ሰው እንዲያጥብ፣ ራሳቸውም አብረው እንዲሄዱ አክስቴ ለመኑ።

በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው መርከብ ሲሳፈሩ የሀዳር ጎረቤት ሁሉ እንደ ሙሽራ ሸኛቸው። አራት ቀን ሙሉ ሲያስመልሳቸው ሰነበተ፤ ባልዲያቸውን አቅፈው ግን ከጠርሙሶቹ አልራቁም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፣ እርሳቸው ያጠቡትም ሌላው ያጠበውም አንድ ቁጥር ሰጠ። ምሁሩ በዕብራይስጥ ቤሰደር፣ ደህና ነው፣ አሉ። ለዚያ ሁሉ ጥርጣሬ አንድ ቤሰደር አነሰችባቸው፤ ቢሆንም ተቀበሏት፤ ደስታቸውም ልክ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው አዙሪትን ሳይማር አይወርድም ነበር። ወጥ ሲማሰል ከሥር የተቀመጠው ሥጋ ብቅ እንደሚል እያሉ ያስረዱ ነበር፤ ዶክተር ያሚትም ይህንኑ ለእንግዶቻቸው ይነግሩ ጀመር።

ልባቸው ከታመመ ሁለት ዓመት ሆኖ ሳለ ከሥራ ቅሩ ቢባሉ እንቢ ብለው፣ ሆስፒታል እስከገቡበት ቀን ሲሠሩ ሰንብተው፣ ትናንት ማለዳ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ልጆቻቸው አጠገባቸው እያሉ ዐረፉ። በጣም እንወዳቸው ነበር።

ባለቤታቸውን አቶ ውድነህን፣ ልጆቻቸውን አዱኛንና ሃጋርን፣ አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። አርባ ስምንት የታጠቡ ጠርሙሶችንም ትተዋል፤ መርከቡ በሚመጣው እሑድ ይዟቸው ይወጣል። ትናንት ከሰዓት በኋላ እንደገና ይታጠቡ ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ እኚያው ምሁር ማንም እንዳይነካቸው አዘዋል።

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም ጥፋታችንን በገዛ አፋችን የምንናገርበትን ድፍረት ያድለን። አሜን።